የእትዬ ጥሩነሽ ግዝት

እትዬ ጥሩነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን፣ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ተቀምጬ ነው። የደወለልኝ ድሮ መንዝ አብሮኝ ያስተምር የነበረ የሒሳብ መምህር ነበር። «አከራይህ የነበሩት አረቄ ሻጯ አረፉ እኮ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝና፣ እኔ ገና ነፍስ ይማር ሳልል ስለ አዲሱ የተማሪ መጽሐፍ ማማረር ጀመረ። እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማሁት። ስልኩን ዘግቼ ወደ እርማቴ ስመለስ አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አርሜ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጥቼዋለሁ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል። እትዬ ጥሩነሽን ደግ ነበሩ ብዬ ብጽፍ እሳቸው ራሳቸው ይታዘቡኛል። ምላሳቸው እሬት ነበር። ሊሳደቡ ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አፋቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ቶሎ ይወጣል። እኔ ግን የት እወጣለሁ? ስድስት ዓመት በግቢያቸው ተከራይቼ ኖሬያለሁ። በዚያ ብርድ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ቀና ብለው ያዩኝና «ፊትህን ታጥበኸው ነው ወይስ ውሃውን አሳይተኸው ብቻ ነው የመጣኸው?» ይሉኛል። እውነትም ብዙ ጊዜ አሳይቼው ብቻ ነበር የምወጣው።

ከተማዋ ከሞላሌ ብዙ ሳትርቅ መንገድ ዳር የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሉ፣ ልጆቻቸውም አሉ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሰባት አረቄ ቤቶች ነበሩ፤ የእትዬ ጥሩነሽ ሦስተኛው ነው። ገብሱን ራሳቸው ያበቅላሉ፣ ራሳቸው ይደፈድፋሉ፣ ራሳቸው ያወጣሉ። የሳቸው አረቄ እንደ ውሃ የጠራ ነው እየተባለ እስከ መሐል ሜዳ ይወራ ነበር። ባላቸውን የገደለው ግን ይኸው አረቄ ነው። ይህን ሌላ ሰው በሹክሹክታ አይደለም የሚያወራው፤ እሳቸው ናቸው በአደባባይ የሚናገሩት። «እኔ ቀዳሁ፣ እሱ ጠጣ፣ ሞተ» ይላሉ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ ታዲያ ለምን አይተዉትም አልኳቸው።

«ትቼ ምን ልሽጥ? ምክር?»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስቼ አላውቅም።

በአዋጁ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና ይህን በክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፤ ከክፍል ሲወጡ ከሰባቱ ቤቶች በአንዱ ይገባሉ። ማን ይጠይቃቸዋል? እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ የሚጠይቁት። እሱንም በመታወቂያ አይደለም። በግ ገዢ የበጉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን እንደሚያየው፣ ለግላጋውን ጎረምሳ «እስቲ አፍህን ክፈት» ይሉታል። ጎረምሳው እየሳቀ ይከፍታል። አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያዩና «አልደረሰም፣ ወደ እናቱ መልሱት» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ልጁ ጆሮው ቀልቶ ይወጣል። ከቀልድ በቀር ሌላ ምን ሥልጣን ነበራቸውና!

ቀልዱ ያበቃው በአንድ ኅዳር ነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሰክሮ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ወድቆ አደረ። የመንዝን የኅዳር ውርጭ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ልጁ በሕይወት ተረፈ፣ የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ግን ተቆረጡ። የቀዳችለት ከሰባቱ አንዷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አልታወቀም፣ አንዳቸውም አላመኑም። ከዚያ በኋላ በእሁዱ እትዬ ጥሩነሽ ስድስቱን ሴቶች በየቤታቸው ዞረው ሰበሰቧቸውና የንስሐ አባታቸው አባ ኃይሌ ፊት አቆሟቸው። «አዋጁ ሩቅ ነው፣ እኛን አያስፈራንም። አባ፣ እርስዎ ይገዝቱን» አሏቸው።

አባ ኃይሌ አንገራገሩ። በዕድሜ ቁጥር የተጣለ ግዝት አይተው አያውቁም። ሴቶቹም አጉረመረሙ። በመጨረሻ ግን ሁሉም እናቶች ናቸውና የተቆረጡት ጣቶች ከዓይናቸው አልጠፋ ብሏቸው፣ «ይሁን» አሉ። አባ ኃይሌ መስቀላቸውን አንስተው፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው አረቄ የምትቀዳ ሴት በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተች ትሁን አሉ። በማግስቱ አረቄ ቤቶቹ ጭር አሉ። መንግሥት በአዋጅ ያልቻለውን አንድ መስቀል ቻለው፤ እኔም ይህን ለተማሪዎቼ በምን ምዕራፍ ሥር እንደማስተምረው ግራ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ልጃቸው ስለ ደምሴ ልናገር። አንድ ልጃቸው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስም ጠሪው መምህር እኔ ነበርኩ። አሥረኛን ሳይጨርስ ተወና ድንጋይ እየጠረቡ መንገድ ከሚያነጥፉ ወጣቶች ማኅበር ገባ። ዝምተኛ፣ እጁ ሥራ የሚወድ ልጅ ነው። ግዝቱ ሲጣል አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቱ ያን ሁሉ ቤት የዞሩት ለተማሪው ጣት ብቻ ብለው እንዳልሆነ እኔም፣ ሴቶቹም እናውቅ ነበር። ባላቸው መጠጣት የጀመሩት በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። «በሃያ ዓመቱ ልተው ቢል አቃተው» ይሉኝ ነበር፤ ይህን ሲናገሩ ነጠላቸውን አያነሱም፣ ድምፃቸውም ዝቅ ይላል።

ግዝቱ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆየ። ከዚያ ወጣቶቹ ቅሬታ አነሱ፤ በየካቲት አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ስብሰባ ተጠራ። አባ ኃይሌ፣ ሰባቱ ሴቶች፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶቹም በበሩ ላይ ተጨናንቀው። ጥያቄው ግዝቱ ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ የሚል ነው።

አንድ ወጣት ተነሣ። «በአሥራ ስምንት ዓመታችን እንመርጣለን። ሚስት እናገባለን። ጠመንጃ እንሸከማለን። አንድ መለኪያ አረቄ ሲሆን ግን አልደረሳችሁም ትሉናላችሁ። ልጆች ከሆንን ድምፃችንን ለምን ትወስዱታላችሁ?» አለ። ጭብጨባው ጣራውን አነቃነቀው።

አንድ ሽማግሌ፣ በሰንበቴ ከጽዋው ሕፃን እንኳ ይቀምስ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ኃይሌ «ጽዋና አረቄ ለየቅል ናቸው፣ አታቀላቅሉ» ብለው ተቆጡ። ከዚያ «መምህር፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ፣ እስቲ አስረዳን» አሉኝ።

አፈር በበላሁ! ተነሥቼ ተናገርኩ። አዋጁን እኛ አንለውጠውም፣ ግዝቱ ግን የራሳችን ነው አልኩ። አንድን ሰው ለጦርነት ሙሉ ሰው፣ ለመለኪያ ግን ግማሽ ሰው የሚያደርግ ደንብ ዜጋው ሕግን እንዲንቅ ያስተምረዋል አልኩ። የተከለከለ ልጅ ደብቆ ይጠጣል፣ ደብቆ የሚጠጣ ደግሞ ማንም ሳያየው ይወድቃል አልኩ። ሽማግሌዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወጣቶቹም አጨበጨቡ። ዛሬም ቢሆን ከተናገርኩት ግማሹ ትክክል ይመስለኛል፤ ያደከመኝም እሱ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ተነሡ። «መምህር ጥሩ ተናገረ፣ አፉ ይባረክ። እኔ ሕግ አይገባኝም፣ የልጄ ዕድሜ ግን ይገባኛል። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሥራ ስምንት ካላችሁ ዛሬውኑ ትቀዱለታላችሁ። ሃያ አንድ ካላችሁ ሁለት ዓመት ታቆዩልኛላችሁ። ሁለቱን ዓመት አትውሰዱብኝ ነው የምለው።»

«በሁለት ዓመት ምን ይመጣል?» አለ አንዱ ከበሩ።

«ሁለት ዓመት ያድጋላ! ሌላ ምን ይመጣል?»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ዘነቡ ግን አልሳቁም። ወይዘሮ ዘነቡ አምስተኛውን ቤት የያዙት ናቸው፤ የእትዬ ጥሩነሽ ባልንጀራ፣ የደምሴም የክርስትና እናት ናቸው። ከተቀመጡበት ተነሥተው መሬት መሬት እያዩ «ጥሩዬ፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። «የደምሴ መታወቂያ ሃያ ሁለት ይላል። አሳይቶኛል። ግዝቱ ከተጣለ ጀምሮ እኔ ቤት ይጠጣል። ወረቀቱ ሃያ አንድ ሞልቶታል ስላለኝ እንጂ ግዝትስ አልጣስኩም።»

እኔ እትዬ ጥሩነሽን ነበር የማየው። ፊታቸው ላይ ሲመላለስ የነበረውን ዛሬ ላይ ሆኜ እገምታለሁ። ልጃቸው በየማታው አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር፤ አረቄ በሚወጣበት ቤት ደግሞ የሰው ትንፋሽ አይለይም። ቤቱም ያው፣ ልብሱም ያው፣ ልጁም ያው ይሸታል። ዓመት ሙሉ አላወቁም።

«መታወቂያው ውሸት ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ማኅበሩ ከአሥራ ስምንት በታች አይቀበልም ሲሉን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የነበረውን አሥራ ዘጠኝ ነው ብዬ ምዬ አስጻፍኩ። ሦስት ዓመት ጨመርኩበት።»

ደምሴ ከበሩ «እማዬ፣ ተዪ!» አለ። ሊቀመንበሩ ቀና ብለው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ምን እያደረጉ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። በሐሰት መማላቸውን በአባ ኃይሌና በመንግሥት ፊት እየተናዘዙ ነው፤ የልጃቸውን ሥራም በገዛ እጃቸው አሳልፈው እየሰጡ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አንድ መለኪያ እንዳይቀዳለት ነው።

«ግዝቱን ለማቆየት ነው የምትዋሸው እንዳትሉኝ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር ያውቃል። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሮታል፣ መዝገቡም እሱ ጋ ነው። መምህር፣ ልጄ ስንት ዓመቱ ነው?»

አውቅ ነበር። ስሙን ዓመቱን ሙሉ የጠራሁት ልጅ ነው፤ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ነው፤ የልደቱ ቀን ሲደርስ ንፍሮ አምጥቶ ለክፍሉ አድሏል። አሥራ ዘጠኝ ነው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ግን ሊቀመንበሩ እያዩኝ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የዝውውር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ከቀበሌው የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ የቀበሌው መታወቂያ ሐሰት ነው ብዬ በጉባኤ መመስከር ደግሞ ደብዳቤውን መርሳት ነው። በዚያ ላይ ገና አሁን ተናግሬ አጨብጭበውልኛል።

«መዝገቡን ማየት አለብኝ» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ለቢሮ ሰው የሚመች መልስ ነው፤ ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። አባ ኃይሌ ተነፈሱና «እናት አንድ ትላለች፣ ወረቀት ሌላ ይላል፣ ምስክር የለም። ቁጥሩ በማይታወቅ ግዝት ሰው ማሰር ለኔም ኃጢአት ነው» አሉ። እጅ ተቆጠረ። አሥራ ስምንት ሆነ። አባ ኃይሌም በዚያው መስቀል የሃያ አንዱን ግዝት ፈቱት። በሳምንቱ ቀበሌው የደምሴን መታወቂያ ወሰደ፣ ማኅበሩም አሰናበተው። እትዬ ጥሩነሽ ግዝቱንም፣ የልጃቸውንም ሥራ በአንድ እሁድ አጡ።

ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ነበር። አላስወጡኝም። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ቀና ብለው አዩኝ። ስለ ፊቴ ምንም አላሉም።

«መዝገቡን አየኸው?»

«ገና ነው እትዬ። ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ጋ ነው።»

በሚቀጥለውም ቀን ጠየቁኝ። ዐቢይ ጾም ገባ፣ በየጠዋቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም በየጠዋቱ ምክንያት አላጣም። አንዴ ቁልፍ፣ አንዴ ፈተና፣ አንዴ አይጥ የበላው መዝገብ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! እውነቱን ለመናገር መዝገቡን ያየሁት ከስብሰባው በማግስቱ፣ ሰኞ ከሰዓት ነው። ማየትም አያስፈልገኝም ነበር። ከልደት ዘመኑ ሲሰላ አሥራ ዘጠኝ ነው። ዘግቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ፋሲካ ሲያልፍ መጠየቃቸውን ተዉ።

ከዚያ ያደረጉትን ያች ከተማ አይታ አታውቅም። ጠዋት አረቄያቸውን ያወጣሉ፣ ለሞላሌ ነጋዴዎች በጀሪካን ያስረክባሉ። ከቀትር በኋላ፣ ጠጪ መሰብሰብ ሲጀምር፣ የራሳቸውን ቤት ዘግተው የሌሎቹ ቤት ደንበኛ ሆነው ይገባሉ። አንድ መለኪያ ያስቀዳሉ፣ ከፊታቸው ያስቀምጡታል፣ አይነኩትም። ደምሴ በሩን ገፋ ሲያደርግ እናቱ ተቀምጠዋል። ዘግቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ይከተላሉ። አይጮኹበትም፣ አይለምኑትም። ተቀምጠው ያዩታል፣ ከዚያ በላይ ምንም አያደርጉም።

መጀመሪያ ከተማው ሁሉ ሳቀባቸው። «እትዬ ጥሩነሽ የደንበኞች ተቆጣጣሪ ሆኑ» ተባለ። ቀስ እያለ ሳቁ ቀረ። ማየቱ ራሱ ያደክም ነበር፤ በዝናብ፣ በጉም፣ ያን ጭቃ እየረገጡ ከቤት ቤት። ስድስት ቤት ለአንዲት አሮጊት ብዙ ነው። ሲያስሉ እስከ ክፍሌ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም አንሶላ ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን አያለሁ። ወይዘሮ ዘነቡም አልቻሉም መሰለኝ፣ አንድ ቀን ደምሴ ሲገባ «እናትህ እየመጡ ነው፣ ሂድ» አሉት። እትዬ ጥሩነሽ ያን ቀን ታመው ተኝተው ነበር። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ ይሉት ጀመር። ማንም አልገዘታቸውም።

ደምሴ አልፎ አልፎ መጠጣቱ አልቀረም። ግን አንድ መለኪያ ለመጠጣት ስድስት ቤት መዞር ሰውን ያሰለቻል። ሥራ ፈልጎ ሞላሌ ሄደ፣ የአንድ ባለ ጋራዥ ረዳት ሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አለፈ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እትዬ ጥሩነሽ የትም አልሄዱም። ታቦቱ ከገባ በኋላ ደምሴን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። እኔንም ጠሩኝ። የራሳቸውን ጠርሙስ አወጡ፣ መለኪያ አጠቡ፣ ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ይኸው። ዛሬ ሃያ አንድ ሞላህ። ከእንግዲህ አልከተልህም፣ ደክሞኛል» አሉት።

ደምሴ መለኪያውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ጠጣው፣ ፊቱ ተኮማተረ።

«መረረኝ እማዬ።»

«አረቄ ነው እኮ። ማር መስሎህ ነበር ያን ሁሉ ስትሮጥ የከረምከው?»

ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አብረው ሲስቁ ገና ማየቴ ነበር። ሁለተኛ አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልቀዱም። ደምሴ ዛሬም ይጠጣል፤ ቅዳሜ ጠጥቶ ሰኞ ጋራዡ ይገባል። አባቱን አልሆነም።

የእኔ ዝውውር በጥር ወጣ። ደብዳቤው የተመሰከረለት፣ ምንም እንከን የሌለው ነው። ዕቃዬን ለመኪና ስጭን እትዬ ጥሩነሽ እያሳሉ የፍራሼን ገመድ ሊያጠብቁልኝ መጡ። በሶ በፌስታል ቋጥረውልኛል። ያን ፌስታል ስቀበላቸው ሳልናገር መሄድ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ መዝገቡን አይቼው ነበር» አልኳቸው። «ያኔውኑ። በማግስቱ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ገመዱን እየሳቡ። «ያን ሰኞ ማታ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

«ታዲያ እያወቁ በየቀኑ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?»

ገመዱን ቋጠሩ፣ በእጃቸው መታ መታ አድርገው መጥበቁን አዩ።

«እኔማ የወለድኩት ነኝ፣ ዕድሜውን ከመዝገብ አልጠይቅም። አንተ እንድትናገረው ብዬ ነው።»